ከሸሚዞች መካከል የወጣው ሸክላ

ልጄ የሙዚቃ ሸክላ ታጥባለች። እጀታዋን ሰብስባ፣ ሁለት መዳፎቿን በሸክላው ጠርዝ ግራና ቀኝ ይዛ፣ ለብ ያለ ውሃ ላይ ቀስ እያደረገች ታዞረዋለች። መሃል ላይ የተለጠፈችው ወረቀት እንዳትርስ የማርማላታ ጣሳ ክዳን ትደፋባታለች። የምትፈትግበት ብሩሽ የልጅ ልጄ ሕፃን ሳለች ፀጉሯን የምናበጥርበት የነበረው ነው። ብሩሹ ሁልጊዜ ቦዩን ተከትሎ ይዞራል እንጂ አቋርጦ አይሄድም። አቋርጦ ከሄደ አጥር እንደ መዝለል ነው ትላለች፤ የአንዱ ጓሮ ቆሻሻ ወደ ሌላው ይሻገራል። ስትጨርስ ከፋርማሲ በምታመጣው የተጣራ ውሃ ታለቀልቀውና ሰሃን መደርደሪያው ላይ፣ በሰሃኖቹ መካከል ታቆመዋለች። የእኔ ዓይን ደከም ካለ ቆይቷል። አንድ ቀን ሰሃን መስሎኝ ለእንግዳ ሸክላ አቅርቤያለሁ። እንግዳው ጨዋ ሰው ስለነበረ ዝም ብሎ ምግቡን ጠበቀ።

ሰፈሩ ውስጥ ስሟን የሚጠራት የለም። "ጆሮ" ነው የሚሏት። ወደ መንገድ በሚያየው ክፍላችን ውስጥ ሬዲዮና የድምፅ ማጉያ ስትጠግን ኖራ፣ አሁን አብዛኛው ሥራዋ ሸክላ ሆኗል። የሚመጡት እሷን የሚያህሉ፣ ፀጉራቸው የሸሸ ወንዶች ናቸው። ጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው፣ ግራ ቀኝ አይተው ይገባሉ። የሚያመጡት ሸክላ ሱቅ የሚሸጥ ዓይነት አይደለም። ድሮ አንድ ሰው ኮቱ ውስጥ ቴፕ ሸሽጎ የሮክ ባንድ ሊያይ ገብቷል፤ ያለ ፈቃድ ቀድቷል፤ ከዚያ በአንዱ ጓዳ ውስጥ ታትሞ ሸክላ ሆኗል። ሽፋኑ ነጭ ነው፤ ላዩ ላይ የተንጋደደ ማኅተም አለበት። ስትከፍቱት መጀመሪያ ጭብጨባ ይሰማል፣ ቀጥሎ ጓደኛውን የሚጣራ ሰው ይሰማል፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚወጣ ሆኖ ሮኩ ይሰማል። ልጄ ይህን ወደ ኮምፒውተር ትገለብጣለች፤ ጭረቱን ትለቅማለች፣ ሽሽ የሚለውን ድምፅ ትቀንሳለች፣ ሲዲ ታደርገዋለች።

"ይሄ ነገር ስርቆት አይደለም ወይ?" ብዬ ጠይቄያታለሁ።

"ስርቆቱ ድሮ ተሰርቋል እማዬ። እኔ የሌባውን ልጅ ፊት ነው የማጥበው።"

ለባለቤቱ አንድ ሲዲ ትሠራለች። ለሌላ ሰው አትሰጥም።

ጆሮዋ ከልጅነቷም እንዲህ ነበር። ጫማዬን ከአልጋ ሥር ሳወጣ ከጓሮ ሆና "እማዬ፣ ወዴት ነው?" ትለኛለች። እሷን ትቼ ተደብቄ የሄድኩበት ቦታ በሕይወቴ የለም። ጎረቤት ቤት ቧንቧ ከተንጠባጠበ እሷ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ጎረቤቶቹ ግን ይተኛሉ። ይህች ልጅ ነች እንግዲህ ከሀገሩ ሰው ሁሉ መርጣ ጮሌውን ሳይሆን ጯሂውን ያገባችው።

አማቼ የብረት በርና መስኮት ሠሪ ነው። ወጣትነቱን በብረት መቁረጫ ማሽን ላይ እየጮኸ ስላሳለፈው፣ "ጨው አቀብዪኝ" ሲል ሦስተኛው ቤት ይሰማል። "ነጎድጓድ" ብለውት ነበር፤ ሲረዝምባቸው "ነጎዴ" አሉት። ከሥራ ቦታው ሁለት ጓደኞች አሉት። አንደኛው በያጅ ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሣ ሽቦ ይባላል፤ ጊታር ይመታል። ሁለተኛው ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፤ ዝሆኔ ይባላል፤ ድራም ይመታል። ሦስቱ ባንድ ናቸው። ነጎዴ ይዘፍናል።

ያስተማራቸው ሰው የለም። ያስተማራቸው አንድ ሸክላ ነው። ነጎዴ ከአንድ የከባድ መኪና ሾፌር በብስክሌቱ ለውጦ ያገኘው፣ ነጭ ሽፋን ያለው፣ እንዲሁ ኮት ውስጥ የተቀዳ ሸክላ ነው። ሦስቱም ዓመት ሙሉ ከበውት ተቀመጡ። መርፌውን እያነሱ፣ እየመለሱ፣ ዘፈኑን ሁሉ አጠኑት። በዘፈንና በዘፈን መካከል ዘፋኙ የሚናገረውንም፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ አጠኑት። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዘፋኙ ያስላል። ነጎዴም እዚያ ላይ ሲደርስ ያስላል።

የመጨረሻው ዘፈን ውስጥ አንድ ቦታ አለች። ዘፋኙ ድምፁን ወደ ላይ ይዞት ይሄድና፣ አሁንስ ይመለሳል ሲሉት አይመለስም፤ ሌላ ፎቅ ይወጣል። "ጣሪያዋ" ይሏታል። የሰፈሩ አዳራሽ ሰው የሚሰበሰበው ለጣሪያዋ ነው። ልጄም ያኔ ወደ አዳራሹ የሄደችው የተበላሸ ድምፅ ማጉያ ልትጠግን ነበር። ጠገነችው፤ ጣሪያዋን ሰማች፤ ዕቃዋን ሳትሰበስብ ቀረች። በዚያው ተጋቡ።

ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖርን። ከዚያ ባለፈው ክረምት የነጎዴ ድምፅ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አለ። ቀጥሎ አቧራ ነው አለ። በኋላ ጨው ስጡኝ ሲል እኔም ሳልሰማው ቀረሁ፤ ያኔ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ዶክተሩ ጉሮሮው ውስጥ መብራት ከትቶ አየና፣ አብጧል አለ።

"ወይ ዝቅ አድርገህ ዝፈን፣" አለው፣ "ወይ ዝም በል። በዚህ አያያዝህ ግን ድምፅህ ጨርሶ ይሄዳል።"

እቤት ስንገባ ልጄ ሻይ ሰጠችውና ጀመረች። "ሽቦ ጊታሩን ትንሽ ያላላው። አንተም ዝቅ ብለህ ትዘፍናለህ። ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ።"

"ሕዝቡ አያውቅም።"

"ሕዝቡ ምኔ ነው? ሸክላው ያውቃል።" ይህን የሚለው በሹክሹክታ ነው፤ ግን ጠረጴዛውን መታው። "ሰውዬው እዚያ ላይ ደርሷል። በአፉ፣ በጉሮሮው፣ እንደኔው ሰው ሆኖ ደርሷል። እሱ ከደረሰበት ዝቅ ብዬ ከምዘፍን ዝም ብዬ በር ብሠራ ይሻለኛል።"

"ደግሞ የበር ሥራው ምን ሆነ?" አልኩ እኔ።



ነጎዴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አለ። ግድግዳችን ላይ ያለው ሰዓት ድምፅ እንዳለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጎረቤት በአጥር ብቅ ብላ "ነጎዴ መንገድ ሄደ እንዴ?" አለችኝ። "አለ" አልኳት፤ አላመነችኝም። እኔ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ኪሱ ውስጥ ያለው ነገር እንዳልጠፋ እንደሚዳብስ ሰው፣ አሁንም አሁንም ጉሮሮውን ይነካል።

አንድ ቀን ጠዋት ቁም ሣጥኑን ከፈተ። ሸክላውን ከሸሚዞቹ መካከል አወጣው። ይህን ሸክላ ከእሱ በቀር ሰው ነክቶት አያውቅም፤ ሚስቱም ጭምር። የሰው ሁሉ ሸክላ ስታጥብ የባሏን አጥባ አታውቅም። ጠረጴዛው ላይ ከፊቷ አኖረው።

"እጠቢው" አላት። "ሲዲ አድርጊውና ለአዳራሹ የሙዚቃ ቀን እሱን ያጫውቱላቸው። እኔ በቃኝ።"

ልጄ ተነሥታ የሰሃን ማጠቢያውን ውሃ ሞላችው።

እሷ ስትሠራ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የሸሚዝ ቁልፍ እተክላለሁ። ጭረቱን ለቀመች። ከዚያ ወደ እምምታው ደረሰች። እምምታ ማለት እንዲህ ነው፦ መብራት ባለበት የተቀዳ ነገር ሁሉ ከሥሩ፣ አፉን ዘግቶ እንደሚያጉረመርም ሰው ያለ ድምፅ አለው። ከመድረኩ ዕቃ ነው የሚመጣው። ሰው ሁሉ "አጥፊልን" ይላታል። እሷ ግን ከማጥፋቷ በፊት ታዳምጠዋለች፤ ዘፋኝ ይስታል፣ ቴፕ ይስታል፣ መብራት ግን አይስትም ትላለች። ሁልጊዜ በአንድ ልክ ያጉረመርማል። ሸክላው በተቀዳበት አገርም በእኛም ልኩ አንድ ነው። አሮጌው ፍሪጃችንም የሚያጉረመርመው በዚያው ልክ ነው።

የጆሮ ማዳመጫዋን አወለቀች። መልሳ አደረገች። ተነሥታ ሄዳ ፍሪጁ አጠገብ ቆመች። ራሱን እንደሚያመው ሰው ግንባሯን አስደገፈችበት። ተመልሳ መጣች።

"እማዬ፣ ፍሪጁን ስሚው።"

"እሰማዋለሁ፤ መች ዝም ብሎ ያውቃል።"

ማዳመጫውን እኔ ጆሮ ላይ አደረገችው። "አሁን ደግሞ ይሄን።"

ሰማሁ። በእኔ ጆሮ እንኳን ልዩነቱ ይታወቃል። "ይሄኛው ቀጠን ይላል" አልኳት።

ተቀመጠች። "ሸክላውን ያተሙት ሰዎች ቴፑን አፍጥነው ነው ያጫወቱት። የቸኮሉ ይመስለኛል፤ የሌባ ሥራ ነዋ። ሸክላው ከተወለደ ጀምሮ እየሮጠ ነው።" ፍጥነቱን ወደ ልኩ መለሰችውና የመጨረሻውን ዘፈን ከፈተች። የወፍራም ሰው ድምፅ ወጣ። ቀስ ብሎ፣ ሳይጨነቅ ይዘፍናል። ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ሲደርስ ወጣ፤ እንደ ማንኛውም ሰው ወጣ።

"ጣሪያዋስ?" አልኳት።

"የለችም።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የሰውን ሁሉ ጥፋት የምትሰማው ልጄ የቤቷን አልሰማችም። እንዴት ትስማ? ሸክላውን መጀመሪያ የሰማችው በባሏ አፍ ነው፤ ልኩ እሱ ነበር።

ያን ቀን ሥራዋን አልቀጠለችም። ነገሩ ገብቶኛል። ከነገረችው፣ ዝቅ ብሎ መዝፈን ከሰውዬው ማነስ አይሆንም፤ ጉሮሮውም ይተርፋል። ግን ሠላሳ ዓመት የወጣው መሰላል ምንም ላይ እንዳልተደገፈ የምትነግረው እሷ ልትሆን ነው። ካልነገረችው፣ በክብሩ ዝም ብሎ ይኖራል።

"ምን ይሻላል እማዬ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሮክ ሰሚ ነኝ እንዴ?" አልኳት።

ሲዲውን በልኩ ሠራችው። አንድ ብቻ ሠራች። "ለምን ፈጣኑንም አትሠሪለትም?" ስላት "ሁለት ካለ ፈጣኑን ይመርጣላ" አለችኝ። ባሏን ታውቀዋለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ሽቦንና ዝሆኔን ጠራቻቸው። ሁለቱ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ነጎዴ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ መስኮቱ ሥር። ሲዲውን ከፈተችላቸው።

"ባትሪው አልቋል እንዴ?" አለ ሽቦ።

"ግድግዳው ላይ ነው የተሰካው።"

"ተኝቶ ነው የሚዘፍነው" አለ ዝሆኔ።

ነጎዴ በሹክሹክታ "ይሄ ሰውዬ ታሟል?" አለ።

በዚህ ላይ ሦስተኛው ዘፈን ደረሰና ሳሉ መጣ። ከደረት የሚወጣ፣ የትልቅ ሰውዬ ሳል። ነጎዴ ቀና አለ።

"ይሄ የማን ሳል ነው?"

"የሱ።"

ነጎዴ ሠላሳ ዓመት የሳላት ሳል ቀጭን ነበረች።

ልጄ ነገሩን ከሥሩ ነገረቻቸው። ሽቦ አልዋጥለት አለ። "መድረክ ላይ ሰው ሲሞቀው ይፈጥናል፤ ይሄ የታወቀ ነው። አንቺ ነሽ በኮምፒውተር ያበላሸሽው፤ አፈር አስመሰልሽው!"

"መብራቱም ሞቆት ነው የፈጠነው? ና ተነሥ።"

ሦስቱንም ወደ ወጥ ቤት ነዳቻቸው። ትልልቅ ሰዎች ፍሪጅ ከበው ቆሙ። ትንሿን ድምፅ ማጉያ ከላዩ አስቀመጠችና መጀመሪያ እምምታውን በድሮው ፍጥነት ለቀቀችው። ሁለቱ ድምፆች እንደማይስማሙ ጎረቤቶች ተነታረኩ፤ ፍሪጁ ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ የሚንቀጠቀጥ ይመስል ነበር። ቀጥሎ በልኩ ለቀቀችው። ንትርኩ ቆመ። የቱ ፍሪጅ፣ የቱ ሸክላ እንደሆነ መለየት አቃተን።

"መሰከረ" አለ ዝሆኔ፣ ፍሪጁን መታ መታ እያደረገ።

"እሱ እንኳን አይዋሽም" አልኩ። "በረዶ መሥራት ነው ያቃተው።"

ዝሆኔ ከእስር እንደተፈታ ሰው ፊቱ በራና ወደ ነጎዴ ዞረ። "እና ክንዴ ሲቃጠል የኖረው በከንቱ ነው በለኛ! እኔ እኮ ሰነፍ መስዬህ ነበር!" ሽቦ ግን ዓይኑ ሥር ያለችውን ጠባሳ ነካ። ሸክላው ላይ ለመድረስ ክሮቹን ከመጠን በላይ ሲወጥር፣ አንዱ ተበጥሶ የመታው ነው። "ይቺስ?" አለ።

"እሷም የሸክላው ናት" አለችው ልጄ።

ነጎዴ ወጣ።

ቀጥሎ ያሉት ቀኖች ከባድ ነበሩ። ዝምታው አሁን የዶክተር አልነበረም። ጀርባውን ሰጥቶን ይበላል። ልጄ ሥራዋ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋ ግን ከክፍል ክፍል እግሩን ይከተላል፤ አየዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማዕዱ ላይ፣ ሳያያት "ባትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አላት።

"የጎረቤት ቧንቧ እችላለሁ" አለችው። "የአንተን ዝምታ ግን አልቻልኩትም።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። መልሶ አነሣው።

በማግስቱ ነጎዴ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ የበር ማጠፊያ ዘይት ይቀባል። እኔ የሸሚዙን ኮሌታ እገለብጣለሁ።

"እንግዲህ ሰውዬው ጣሪያዋ ላይ ካልደረሰ፣" አልኩት፣ ከመርፌዬ ቀና ሳልል፣ "ማነው ሲደርስ የኖረው?"

"ምን አሉ እማማ?"

"እሱማ ከታች ነበር አሉ። ከላይ የነበረው ማነው ነው የምልህ።"

ማጠፊያውን መሬት አስቀመጠ። ዘይት በነካ እጁ ጭንቅላቱን ያዘ። ከዚያ ተነሥቶ፣ ኮቱን እንኳ ሳይለብስ፣ በበሩ ወጣ።

ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ሄደ። ለዳቦ ጋጋሪው ነገረው። ለፀጉር አስተካካዩ ነገረው። ለዶክተሩ ነገረው፤ ዶክተሩ "አፍህን ክፈት" ብቻ አለው። "በልጬው ኖሬ!" ይላል፣ በዚያች በተሰነጠቀች ሹክሹክታው፣ የሰው ክንድ ይዞ። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ እኔ ሳላውቀው፣ በልጬው! አሁን ግን ይበቃዋል። እሱ ያለበት ድረስ ወርጄ ላሳርፈው።"

ልጄ መጥታ ጆሮዬ ሥር "እማዬ፣ ምን አልሽው?" አለችኝ።

"እውነቱን።"

"አሁን ደግሞ በምን እናወርደዋለን?"

እንዲህ ሆኖ ዝቅ ብሎ መዝፈን ጀመረ። እንደ ጀማሪ ከሥር ተማሩ፤ ሲዲውን ከበው ተቀመጡ። ሳሉንም አስተካከለ። ዶክተሩ እብጠቱ እየጎደለ ነው አለ።

የሙዚቃው ቀን አዳራሹ ሞላ። እኔ ከልጄ ጋር ከኋላ፣ ማጉያው አጠገብ ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያውን ዘፈን ሲጀምሩ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ያልገመትነው ይህን ነበር። ይህ ሕዝብ ሸክላውን ሰምቶ አያውቅም፤ ዘፈኑን የሚያውቀው ከእነሱ ነው። ለሱ ልኩ ፈጣኑ ነው።

"ፍጠኑ እንጂ!" አለ አንዱ ከጎን።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ጠብቁት!" አለ ሌላው። አዳራሹ ሳቀ።

የሽቦ እግር መፍጠን ሲጀምር አየሁ። ልጄ ከኋላ ሆና መዳፏን ወደ መሬት ዝቅ፣ ዝቅ አደረገችለት። ነጎዴ ዓይኑን ጨፍኖ ዘፈነ። እንዲህ ያለ ሰፊ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ለካ ሁልጊዜ ሲሮጥ ነው የሰማነው። መጨረሻው ዘፈን ላይ ሥጋ ሻጩ ተነሥቶ "ጣሪያዋን! ጣሪያዋን!" ብሎ ጮኸ። የነጎዴ የአንገት ሥር ተገተረ። ልጄ እጄን ያዘች፤ አጥንቴ እስኪያመኝ ያዘች። ነጎዴ የሸክላው ሰውዬ የሄደበት ድረስ ሄደ፤ እዚያው ቆመ።

ጭብጨባው ዘገየ። ሲመጣም የሌላ ሰው ልጅ ትምህርት ቤት ሲሸለም የሚጨበጨበውን ያህል ነበር። ልጄ አንገቷን ደፍታ ቆየችና "አልተሰነጠቀም" አለችኝ። ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች።

አሁን በየወሩ ይጫወታሉ። ዶክተሩ በዚሁ ከቀጠለ እስኪያረጅ ይዘፍናል ብሏል። አንድ ጊዜ እንኳን ወደ ላይ ከወጣ ግን ኃላፊነቱን አልወስድም ብሏል። አማቼን አውቀዋለሁ። ሰው "ውጣ" ካለው የሚወጣ ሰው ነው፤ እልኸኛ ነው፤ ደግሞ አሁን መብለጡን አውቋል። ልጄ በየወሩ ከኋላ ተቀምጣ እጄን ትይዛለች። እጄም አርጅቷል።

ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ፣ አደራችሁን። እዚያ አዳራሽ ከመጣችሁ "ፍጠኑ" አትበሉ። "ጣሪያዋን" የሚል ጎረምሳ አጠገባችሁ ቢቀመጥ በክርናችሁ ነካ አድርጉልኝ። ዘፈኑ ከረዘመባችሁ ወጣ ብላችሁ አየር ወስዳችሁ ተመለሱ፤ አያመልጣችሁም።